ከሀኖቨር ወደ ጅማ፦ የሥራና የዕረፍት ማስታወሻ

እሁድ፣ መንገድ ላይ

አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ የወጣው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። ሰበታንና ቱሉ ቦሎን አልፈን ወሊሶ ስንቃረብ ፀሐይዋ ሞቅ አለች። ወሩ ኅዳር ነው። ሜዳው ላይ ጤፍ ይታጨዳል። አንድ ማሳ ላይ ሃያ የሚሆን ሰው ጎንበስ ብሎ አየሁ። ደቦ ወጥተው ነው።

ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በአውቶቡስ ቀኑን ትፈጃለች። መቀመጫዬ ከሹፌሩ ጀርባ ስለነበር እሱን ሳየው ዋልኩ። ወልቂጤ ለምሳ ስንቆም ፈጠን ፈጠን ብሎ ጎርሶ ጎማዎቹን ሊያይ ወጣ። ተከትዬው ወጣሁና አወራን።

«ነገ ዕረፍት ነህ?» አልኩት።

«ነገማ ተመላሽ ነኝ እህቴ። ከነገ ወዲያ ደግሞ እንደገና ወደ ጅማ።»

የምኖረው ጀርመን አገር፣ ሀኖቨር ነው። ሥራዬ ነርስነት ነው። ወደ ጅማ የመጣሁት አክስቴን ልጠይቅ ነው እንጂ ስለ ሥራ ላጠና አይደለም። ግን ሰው የለመደውን ዓይን ጥሎ አይመጣም። እዚያ አገር ሹፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ ቢያንስ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት። በቀን ከ9 ሰዓት በላይ መንዳት ክልክል ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እስከ 10 ይፈቀድለታል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ነው። መኪናው ላይ የተገጠመ መሣሪያ ሁሉን ይመዘግባል፤ ፖሊስም መንገድ ላይ አስቁሞ መዝገቡን ያያል።

የጊቤን ቁልቁለት ስንወርድ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ሙቀቱ ከታች ይመጣል። መንገዱ ይጠማዘዛል። የኋላ ወንበር ላይ ሕፃናት ተኝተዋል። ሹፌራችን ጎበዝ ነው። ድልድዩን ተሻግረን፣ ዳገቱን ወጥተን፣ በሶኮሩና በአሰንዳቦ አድርጎ በሰላም አደረሰን። እግዜር ይስጠው። ግን የዚያ ሁሉ ሰው ነፍስ በአንድ ሰው ብርታት ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም። ሰው ይደክማል። የሹፌር ዕረፍት የተሳፋሪ ጉዳይ ነው።

ሰኞ፣ ቡና

አክስቴ ቤት ቦሳ ሰፈር ነው። ስነሣ ጓዳው የተቆላ ቡና ሸቷል። የምትቆላው ቤት ውስጥ የምትሠራው ልጅ ናት። ከዴዶ ነው የመጣችው። ማታ ማታ ትማራለች። ትናንት ስተኛ ሳህን እያጠበች ነበር፤ ዛሬ ስነሣ ግቢው ተጠርጎ አልቋል። መቼ እንደምትተኛ አክስቴን ጠየቅኳቸው።

«እንደ ልጄ ናት እኮ» አሉኝ። «ከኛው ማዕድ ትበላለች፤ ትምህርት ቤትም ያስገባኋት እኔ ነኝ።»

እውነታቸውን ነው። ልጅቷን ይወዷታል።

አቦሉ ሳይቀዳ ጎረቤት መምጣት ጀመረ። የተጠራ የለም። አንዷ ቆሎ ይዛ መጣች። ሌላዋ ባሏ ሆስፒታል እንደተኛ ልትነግር መጣች። የእድሩ ዳኛ ቶናው ላይ ደረሱ። በረካው እስኪጠጣ ድረስ ሆስፒታል ማን እንደሚያድር፣ ስንቅ ማን እንደሚያመላልስ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማን እንደሚቀበል ተነጋግረው ጨረሱ። ስብሰባ ያለው የለም፤ ቃለ ጉባኤም አልተያዘም።

ይህን ለሰው እንዴት እንደምናገር አላውቅም። ሥራዬ በሽተኛ መንከባከብ ነው። እዚያ ያሉ ታካሚዎቼ ንጹሕ አልጋ፣ በሰዓቱ የሚመጣ መድኃኒት፣ የጤና መድን አላቸው። ጠያቂ የሌላቸው ግን ብዙ ናቸው። እሁድ ከሰዓት አንዲት አሮጊት ሦስት ጊዜ ደወል ትጫናለች። ስሄድ የሚያማት ነገር የለም። ሰው ፈልጋ ነው። እኔም ብሆን የፎቃችንን ጎረቤቶች የማውቃቸው በር ደወሉ ላይ በተጻፈው ስማቸው ነው።

ጎረቤቶቹ ስለ ጀርመን ሥራ ሲጠይቁኝ ግን እነሱም በተራቸው ቀኑ። የዓመት ዕረፍቴ 30 የሥራ ቀን ነው። ሕጉ በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ማንኛውም ሰው ቢያንስ 20 ቀን ይሰጣል። ስታመም አሠሪዬ እስከ 6 ሳምንት ደመወዜን ሳይቀንስ ይከፍለኛል። ከዚያ በላይ ከሄደ የጤና መድኑ የደመወዙን የተወሰነ ክፍል እየከፈለ ይቀጥላል። ከአንዱ ፈረቃ ወጥቼ ሌላው እስክገባ 11 ሰዓት ማረፍ አለብኝ። ሆስፒታል ውስጥ ወደ 10 ዝቅ ሊል ይችላል፤ ያኔ ግን የጎደለው ሰዓት በሌላ ቀን ይካካሳል። የዓመት ዕረፍት ላይ እያለሁ ከታመምኩ ደግሞ የሐኪም ወረቀት ካቀረብኩ እነዚያ ቀናት ከዕረፍቴ አይቆጠሩም።

«ታመሽ የተኛሽበትን ቀን ይመልሱልሻል?» አሉ አክስቴ።

«አዎ።»

«እኛ ጋ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚያስበው ስለ በሽታው አይደለም፤ ስለ ሥራው ነው» አሉ የእድሩ ዳኛ።

ከሰዓት በኋላ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ መጣች። እኛ የጅማ ልጆች ነን። ጅማ ደግሞ ብዙ የጤና ባለሙያ ያፈራች ከተማ ናት። የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ በ1983 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። በ1999 ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ተማሪ ሆነን ገጠር ወርደን ከሕዝቡ ጋር እየዋልን ነው የተማርነው። ዛሬ ከክፍላችን ልጆች ግማሹ በየአገሩ ተበትኗል።

ጓደኛዬ የቀረችው ከከተማ ወጣ ባለ አንድ ሆስፒታል ነው። ማታ ዲዩቲ ስትገባ ነግቶም ቶሎ አትወጣም። የዲዩቲ ክፍያዋ ወራት ዘግይቷል። ስለዚህ ከዲዩቲ ወጥታ የምትሄደው ወደ አልጋዋ አይደለም። የግል ክሊኒክ ተራ አላት። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ ይዘው ሥራ ሲያቆሙ እኔ ሀኖቨር ሆኜ በስልክ እከታተል ነበር። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ያወራው ስለ ብሩ ነው። እሷ ዛሬ የነገረችኝ ስለ እንቅልፍ ነው።

«አንድ ሌሊት መርፌ እየሞላሁ ዓይኔ ተከደነ» አለች። «የነቃሁት የበሽተኛዋ እናት ትከሻዬን ስትነካኝ ነው።»

ጓደኛዬ ከእኔ የበለጠ ጎበዝ ተማሪ ነበረች። እጇም ከእጄ ይሻላል። እኔ ስደክም «በቃ፣ ሂጂ ተኚ» የሚል ሕግ አለኝ፤ ሕጉ ሲጣስ ደግሞ የምከስስበት ቦታ አውቃለሁ። በመካከላችን ያለው ልዩነት ይኸው ነው። ሰው ጀርመን ሀብታም ስለሆነ ነው ይለኛል። ሀብት ይረዳል፤ አልክድም። ግን የሠራችበትን የዲዩቲ ክፍያ በወሩ መክፈል ሀብታም መሆንን አይጠይቅም።

ማክሰኞ፣ አጋሮ

በሚኒባስ አጋሮ ሄድኩ። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአጎቴ ልጅ እዚያ የቡና ማሳ አለው። አካባቢው ጎማ ይባላል። ቡና መጀመሪያ የተገኘባት የምትባለው ጮጬም እዚሁ ጎማ ውስጥ ናት።

ለቀማው ሞቅ ብሏል። ቡናው በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ነው። ለቃሚው ቀይ ቀዩን እየመረጠ ያነሣል፤ አረንጓዴው ለሚቀጥለው ዙር ይቀራል። ክንድን ሽቅብ ዘርግቶ፣ ቅርንጫፉን ሳይሰብሩ ጎትቶ ቀኑን ሙሉ እንዲያ ነው። አንድ ኪሎ የተፈለፈለ ደረቅ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ቡና ያስፈልጋል።

ለቃሚዎቹ የሚከፈላቸው በኪሎ ነው። ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት አጠገብ ሆኜ ለቀምኩ። አማርኛዋ ከኦሮምኛ ጋር እየተቀላቀለ ጥሩ አወራን። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከቤቷ ትወጣለች።

«ከታመምሽስ?» አልኳት።

«ያን ቀን አልለቅምም።»

«ክፍያሽስ?»

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ዓይን አየችኝ። «ምን ለቅሜ ነው የሚከፈለኝ?»

በኪሎ የሚከፈለውን ሰው ሰዓት የሚቆጥርለት የለም። ሲደክም ዕረፍቱን ከገዛ ገቢው ላይ ይቀንሳል። ሕፃኑን ለማጥባት የተቀመጠችበት ጊዜ ሁሉ ከኪሎዋ ጎደለ። ይህን የምጽፈው የአጎቴን ልጅ ለመውቀስ አይደለም። እሱም የሚሸጥበትን ዋጋ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው።

ማታ ጋቢ ለብሰን ተቀምጠን ሂሳብ ሠራን። ከኢትዮጵያ ቡና በብዛት ከሚገዙት አገሮች ጀርመንና ሳዑዲ አረቢያ ግንባር ቀደም ናቸው። የጀርመን መንግሥት በእያንዳንዱ ኪሎ የተቆላ ቡና ላይ 2.19 ዩሮ የቡና ቀረጥ ይሰበስባል። አንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ሰባት ኪሎ ያህል እሸት ይፈልጋል። ያቺ ሴት ሰባት ኪሎ ለቅማ የምታገኘውን ወደ ዩሮ ስንመልሰው ከዚያ ቀረጥ በብዙ ያንሳል። የአጎቴ ልጅ ሁለት ጊዜ ደግሞ አሰላው።

ጀርመን ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልልቅ ኩባንያዎች ዕቃ የሚያመጡበት አገር ያሉ ሠራተኞች መብት እንዳይጣስ እንዲከታተሉ የሚያስገድድ ሕግ አላት። ጥሩ ሕግ ነው። ዛሬ ካገኘኋቸው ለቃሚዎች ስለዚህ ሕግ የሰማ ግን አንድም አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከእነዚሁ ሁለት አገሮች ጋር የተሳሰረው ቡናችን ብቻ አይደለም። የጅማ ነርስ ወደ ጀርመን፣ የጅማ የገጠር ልጅ ወደ ሳዑዲ ትሄዳለች። ሁለታችንም የሰው ቤተሰብ ልንንከባከብ ነው የምንሄደው። እኔን እዚያ የጠበቀኝ ውልና ሕግ ነው። እነሱን ምን እንደጠበቃቸው ሐሙስ ዕለት ሰማሁ።

ረቡዕ፣ ጅሬን

ደክሞኝ ስለነበር ብዙ አልሄድኩም። ከሰዓት በባጃጅ ጅሬን ወጥቼ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየሁ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙ ንጉሥ ናቸው። ለአፄ ምኒልክ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆይተዋል። የእንጨት ሥራው ዛሬም ያስደንቃል። ኮረብታው ላይ ቆሜ ከተማዋን ቁልቁል ሳይ ግን የሄርማታ ገበያን አሰብኩ። ያን ዘመን የንግድ መንገዶች የሚገናኙበት ትልቅ ገበያ ነበር። ቡናና ማር፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይሸጥበታል። ሰውም ይሸጥበት ነበር። የባሪያ ንግድ በአገራችን በአዋጅ ሙሉ በሙሉ የተከለከለው በ1942 እ.ኤ.አ. ነው። ሩቅ አይደለም። የአክስቴ እናት ያኔ ልጅ ነበሩ።

ሐሙስ፣ ሄርማታ

ሐሙስ የጅማ ዋናው የገበያ ቀን ነው። አክስቴ ከሠራተኛዋ ጋር ላኩኝ። ልጅቷ ዘንቢሉን ይዛ ከፊቴ እየሮጠች ትሄዳለች። ለምን እንደምትሮጥ የገባኝ ድንች ተራ ስንደርስ ነው። እናቷ ከዴዶ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ይዘው መጥተዋል። ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ። ልጅቷ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ስለ ትምህርቷ፣ ስለ ታናሽ ወንድሟ ታወራለች። በመሐል ገዢ ሲመጣ ድንቹን ትመዝናለች። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየች። ከዚያ «አስቤዛው ይረፍድብኛል» ብላ ተነሣች። እናትየው እጄን ይዘው በኦሮምኛ መረቁኝ።

አስቤዛውን ጨርሰን አንዲት ልብስ ነጋዴ ጋ አረፍ አልን። የአክስቴ ደንበኛ ናት። ሻይ አዘዘችልን። ሪያድ እንደነበረች ነገረችኝ።

ደላላ መንደሯ ድረስ መጥቶ ነው የወሰዳት። እዚያ ስትደርስ ፓስፖርቷን ማዳሟ ተቀበለቻት። ያን ጊዜ ካፋላ በሚባለው አሠራር የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ፣ ከካፊሏ፣ ጋር የታሰረ ነበር። ያለ ካፊሏ ፈቃድ ሥራ መቀየር አትችልም ነበር፤ ከቤት ከጠፋች ሕገወጥ ትሆን ነበር። እሷም ጠፋች። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን የውጭ ሠራተኞች ስታስወጣ ከተመለሱት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን አንዷ ሆነች።

«ሥራው ከባድ ነበር?» አልኳት።

«ሥራ እኔ ገጠር ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ አልፈራም። ለፈጅር እነሣለሁ፤ የምተኛው እንግዶቹ ሲሄዱ ነው። በረመዳን ደግሞ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት። ከሁሉ የከበደኝ የኔ የምለው አንድ ቀን ማጣቴ ነው።»

ሳዑዲ በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ደንብ የቤት ሠራተኛ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት እንድታርፍ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት እንድታገኝ ይል ነበር። ኩዌት በ2015 በሕግ ሳምንታዊ ዕረፍትና በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ሰጠች። ይህን ስነግራት «ማን ነግሮኝ?» አለች። «ማዳም ዕረፍት ስጠይቃት፣ አንቺ እኮ እንደ ልጄ ነሽ፣ ልጅ ከቤቷ ወዴት ትወጣለች? ትለኝ ነበር።»

ዞር ብዬ የአክስቴን ሠራተኛ አየኋት። ዘንቢሉን እግሯ መሐል አድርጋ ሻይዋን ትጠጣለች።

አክስቴ ከዚያች ማዳም ጋር የሚወዳደሩ ሴት አይደሉም። ፓስፖርት አልነጠቁም፤ ደመወዝ አልከለከሉም፤ ልጅቷን ያስተምራሉ። ነገር ግን የኛው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ሥራ ይላል። በሳምንት 24 ሰዓት ሳይቋረጥ የሚያርፉበት ጊዜ ይሰጣል። ለአንድ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ዕረፍት አለው። ሰው ቤት ውስጥ ለግል አገልግሎት የተቀጠረች ልጅ ግን በዚህ አዋጅ አትሸፈንም። የሥራ ሁኔታዋን የሚወስን ደንብ እንደሚወጣ ነው አዋጁ የሚናገረው። ስለዚህ ዛሬ የዚህች ልጅ ዕረፍት በአክስቴ ደግነት ላይ ቆሟል። ደግ ባትገጥማትስ ኖሮ? ልጆቻችን ዓረብ አገር ሲበደሉ እናለቅሳለን፤ ማልቀሳችንም ተገቢ ነው። ቤታችን ውስጥ ላለችው ልጅ ግን አንድ ቀን መስጠት ማንንም ፓርላማ መጠበቅ አያስፈልገውም።

ዓርብ፣ ቦሳ

ጠዋት የቤት ግብር ጉዳይ ስለነበር ከአክስቴ ጋር ወደ መንግሥት ቢሮ ሄድን። 5፡30 ላይ ቢሮው ለጁምዓ ወጣ፤ 7፡30 ይመለሳል። የመንግሥት ሠራተኛ የሳምንት ሥራ ሰዓት 39 ነው፤ የዓርቡ ረጅም ዕረፍት በውስጡ ታስቦ ነው የተሠራው። ይህን እወድለታለሁ። ሀኖቨር ያሉ ሙስሊም ባልደረቦቼ ለጁምዓ ፈረቃ ሲለምኑ ነው የማያቸው። እዚህ ማንም ማንንም አይለምንም። ሰዓቱ አስቀድሞ ተጽፏል።

እስኪከፈት ድረስ ጥላ ሥር ተቀምጠን የልጅቷን ዕረፍት ነገር አነሣሁባቸው። አክስቴ መጀመሪያ ተቆጡ።

«እኔ በደልኳት?»

«አልበደሏትም። ግን ሰዓቷና ቀኗ ይታወቅ። ጀርመን አገር እኔን ሁሉም ይወደኛል ማለት አይደለም። የማይወደኝ አለቃም ቢሆን ዕረፍቴን አይነካም።»

ዝም ብለው ቆዩና «እሁድ ትረፍ እንግዲህ» አሉ።

ማታ ልጅቷን ጠርተን ነገርናት። አንገቷን ደፍታ አዳመጠች። ከዚያ «እሁድ አልፈልግም፣ ሐሙስ ይሁንልኝ» አለች።

«ሐሙስማ ገበያ ነው! ማን ይሸከምልኛል?»

«እሁድ እናቴ አትመጣም።»

አክስቴ ወደ እኔ አዩ። እኔ ምንም አላልኩም፤ ጉዳዩ የሁለቱ ነው። የባጃጅ ሂሳብ ወጣ፤ የጎረቤት ልጅ ዘንቢል እንዲይዝ ሐሳብ ቀረበ። አስቤዛው ወደ ረቡዕ ቢዛወርስ ተባለ፤ ረቡዕ ሽንኩርት ይወደዳል ተባለ። በመጨረሻ ሐሙስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ ትምህርት መግቢያዋ ድረስ የራሷ እንዲሆን ተስማሙ። ከደብተሯ አንድ ወረቀት ገነጠለች። ደመወዟን፣ መኝታ ሰዓቷን፣ ሐሙስን ራሷ ጻፈች። አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና አንድ ነገር ይጨመር አሉ፦ የዐውደ ዓመት ዋዜማ ሐሙስ ከዋለ ትሠራለች።

«ለዚያ ቀን ትርፍ ይከፈለኛል?» አለች።

አዋጁ በሕዝብ በዓል ቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት ሁለት ተኩል እጥፍ እንደሚያስከፍል ነገርኳቸው፤ ለዋዜማ እንደማይሆንም ጨመርኩ። አክስቴ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ስለ ዋዜማው ገና አልተስማሙም። ነገ ሌሊት 11 ሰዓት ነው የምሳፈረው፤ ከእራት በኋላ እንጨርሰዋለን ብለዋል።